ለቁልፍ ያዡ ሰላም በሉልኝ

ተናድጃለሁ። ይህን በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት አንባቢ ኋላ «ምነው ሳትነግሪን?» እንዳይለኝ ነው። ተማሪዎቼንም ሁልጊዜ የምመክራቸው ይህንኑ ነው፤ ዋናውን ሐሳብ አስቀድሙ፣ ዝርዝሩ በኋላ ይመጣል እላቸዋለሁ። ዋናው ሐሳብ ንዴቴ ነው። ዝርዝሩ ደግሞ እንዲህ ነው።

የምኖረውም የማስተምረውም ሱሉልታ ነው። ሱሉልታን ለማታውቁ ላስረዳ፤ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ወርዳችሁ ብርዱ ጆሯችሁን ሲቆነጥጣችሁ ደርሳችኋል ማለት ነው። ከተማችን የምትታወቀው በሯጮቿና በውኃዋ ነው። ሯጮቹ በማለዳ አስፋልቱን ይዘው ሽው ይላሉ። ውኃው ደግሞ በጠርሙስ ታሽጎ፣ የተራራ ሥዕል ተለጥፎበት፣ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሽው ይላል። እኛ ሠፈር ግን ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሦስት ቀን፣ እሱም በቦኖ ነው። ቦኖ ማለት የሠፈሩ የጋራ ቧንቧ ነው። ቦኖው የቆርቆሮ አጥር አለው፤ አጥሩ በር አለው፤ በሩ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ያለው አቶ ታፈሰ ኪስ ውስጥ ነው።

አቶ ታፈሰ የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። እንቅልፍ የሚወዱ ሰው ናቸው። ቁርሳቸውን በልተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ መጥተው ይከፍታሉ፤ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ባለቤቱ ያልቆመበት ጀሪካን ደግሞ አይቀዳበትም፤ ጎረቤት ለጎረቤት መቅዳት ክልክል ነው። «ውኃ ሥርዓት ይፈልጋል» ይላሉ። ሥርዓት እኔም እወዳለሁ። ጠመኔዬን እንኳ በቀለም ለይቼ ነው የማስቀምጠው። ግን ሥርዓቱን የሚያወጣው ሰው ጀሪካን ተሸክሞ የማያውቅ ሲሆን ሥርዓቱ የሚያገለግለው እንቅልፉን ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ አዴ ጫልቱ ልምጣ። አዴ ጫልቱ ጎረቤቴ ናት፤ «አዴ» በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የምትሠራው ውኃ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። እባካችሁ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው የሚጠጣውን ውኃ ስታሽግ የምትውል ሴት፣ ቤቷ ስትገባ ፊቷን የምትታጠብበት የላትም! የፋብሪካው ሰርቪስ ከአስፋልቱ የሚነሳው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ቦኖው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ጎጃም ከወጣ ሳምንቱን ሙሉ አይመለስም። ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጀሪካኑ አጠገብ ስትቆም የሚያሳዝነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ውኃ በሚመጣበት ቀን አዴ ጫልቱ ቆማ ትጠብቃለች፣ ትቀዳለች፣ ቤት ታደርሳለች፣ ከዚያ ሚኒባስ አሳዳ ሥራ ትሄዳለች፣ ታረፍዳለች። ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። ሦስተኛው ስንብት ነው።

«ለምን ስብሰባ ላይ አትናገርም?» ትሉ ይሆናል። ተናግራለች። ማለትም እጇን አውጥታለች። አቶ ታፈሰ ያወጣችውን እጅ አይተው፣ ፈገግ ብለው፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ብለው ቤቱን አሳቁት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ይህን ተረት ማን እንደተረተው አላውቅም። ውኃ ቀድቶ እንደማያውቅ ግን እርግጠኛ ነኝ።

እንግዲህ እኔ ብድግ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ከማስተማሩ ሌላ በከተማችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ «የሴቶች አንደበት» የሚባል የግማሽ ሰዓት ዝግጅት አለው። አዘጋጁ ዮናስ ይባላል። ወንድ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ነው፤ «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ሰው ሳይታመም ይድናል። በዝግጅቱ ላይ ስለ ሴቶች ጤና አንድ ኃላፊ ተናግረዋል፤ ስለ ሴቶች ቁጠባ አንድ ሒሳብ አዋቂ ተናግረዋል፤ ስለ ጡት ማጥባት ደግሞ አንድ ጺማም ሰውዬ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ አብራርተዋል። እውቀታቸው የሚደነቅ ነበር። ልምዳቸውን ግን እጠራጠራለሁ።

«አዴ ጫልቱ፣ ሬዲዮ ላይ ትናገሪያለሽ» አልኳት።

«እኔ? ምን ብዬ?»

«የሆነውን ነዋ!»

«የሆነውንማ ጋሽ ታፈሰም ያውቁታል።»

«ሕዝብ ሲሰማው ግን ያፍራሉ።»

ጀሪካኗን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና «ኤዬ፣ እሺ ቲቸር። እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለችኝ።

ማክሰኞ ዕለት መቅረጸ ድምፅ ይዤ ቦኖው ዘንድ ሄድኩ። ለቃለ መጠይቁ እንደ ትምህርት ዕቅድ የሚሆን ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ዓላማ፣ መግቢያ፣ ዋና ክፍል፣ ማጠቃለያ። ሁሉም ነገር ያማረ መሰለኝ። ማታ ጣቢያው ገብቼ ስሰማው ግን ደነገጥኩ። አርባ ደቂቃ ተቀርጿል። ከአርባው ሠላሳ አንዱ የእኔ ድምፅ ነው! ውኃ ለሰው ልጅ ያለውን ጥቅም ሳስረዳ፣ ከዚያ ያስረዳሁትን ስደግም፣ ከዚያ «ገባሽ?» ስል፣ አዴ ጫልቱም «ኤዬ» ስትል። የተማሪዎቼ ስቃይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ከቀሪው ዘጠኝ ደቂቃ ሦስቱ የጀሪካን ኳኳታ፣ አንዱ የአህያ ነበር። አምስቱ ግን የአዴ ጫልቱ ነበር፤ እነዚያ አምስት ደቂቃዎች ወርቅ ነበሩ። «ውኃ ስጠብቅ ሥራዬ ይቀርብኛል፤ ሥራ ስሄድ ውኃዬ ይቀርብኛል። ልጄ ማታ ማታ ‹እማ፣ ዛሬ የትኛው ነው የቀረብሽ?› ትለኛለች» ትላለች።

አምስቱን ደቂቃ ቆርጬ ለዮናስ ሰጠሁት። ሐሙስ አሥር ሰዓት ሆነ። አዴ ጫልቱ ፋብሪካ ስለሆነች እኔ ለሁለታችንም ጆሮዬን ከሬዲዮው ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ የሚያስለቅስ የዋሽንት ዜማ መጣ። ቀጥሎ ዮናስ ከጉድጓዱ ብቅ አለ። «አንዲት እናት በምሬት እንደገለጹልን…» ብሎ ጀመረና የአዴ ጫልቱን ታሪክ በራሱ ድምፅ አንብቦ ጨረሰው። ከእሷ ድምፅ የተረፈው አንድ «እህ» ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከዋሽንቱ ሥር። ዮናስም «እናቶች ውኃን በቁጠባ ሊጠቀሙ ይገባል» በሚል ምክር ደመደመ።

በቁጠባ! የሌላትን!

«ምነው ድምፅዋን ቆርጠህ አወጣኸው?» አልኩት በማግስቱ።

«ድምፅዋ ለሬዲዮ አይሆንም። ይሻክራል። ደግሞ አማርኛውን ከኦሮምኛው ትቀላቅላለች።»

«ሱሉልታ ውስጥ የማይቀላቅል ማነው? አንተ ራስህ ባጃጅ ስትጠራ በየትኛው ነው የምትጠራው?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አለኝ። ስጮህበት ግን ትንሽ ለሰለሰ። «እሺ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ በቀጥታ ስርጭት ትምጣ። ከቀበሌ ደብዳቤ ይዛ ትምጣ እንጂ። ዝም ብሎ ማንም ተነስቶ አይናገርም።»

«ስለ ጡት ማጥባት የተናገሩት ሰውዬ ደብዳቤ ይዘው ነበር?»

«እሳቸው ኃላፊ ናቸዋ!»

ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ «ጉዳዩ?» አለችኝ። «አንዲት ሴት ሬዲዮ ላይ ለመናገር» አልኳት። አሰበች፤ መሳቢያዋን ከፍታ ዘጋች። «ለመናገር የሚሰጥ ደብዳቤ የለንም፤ የነዋሪነት ነው ያለን» አለች። የነዋሪነቱን ወሰድኩ። «ከላይ ስሟ የተጠቀሰው ግለሰብ የቀበሌያችን ነዋሪ መሆኗን እየገለጽን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት እንጠይቃለን» ይላል። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል።

ሐሙስ ደረሰ። አዴ ጫልቱ ተራዋን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ፣ በምትኩ ሁለት እሑድ ልትሠራ ቃል ገብታ መጣች። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ስቱዲዮ ስንገባ ሁለት ማይክሮፎን ብቻ ነበር። አንዱ ፊት ዮናስ ተቀምጧል። ሌላው ፊት ማን የተቀመጠ ይመስላችኋል? አቶ ታፈሰ! በሙሉ ልብስ፣ በከረባት።

«ለሚዛናዊነት ሲባል ነው» አለ ዮናስ።

ሚዛን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሁለት ሳህን አለው። እዚህ ግን በአንደኛው ሳህን ላይ ሁለት ሰውና ሁለት ማይክ፣ በሌላኛው ላይ እኔና አዴ ጫልቱ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል።

አዴ ጫልቱ ወደ ዮናስ ማይክ ጎንበስ ብላ «ጤና ይስጥልኝ፣ አካም ኦልተኒ፣ እንደምን ዋላችሁ» አለች። ከዚያ አቶ ታፈሰ ቀጠሉ። የቦኖውን ታሪክ ከቁፋሮው ጀምረው ተረኩ። ማን መሠረት እንደጣለ፣ ማን ሪባን እንደቆረጠ፣ በዕለቱ የታረደው በግ ስንት እንደነበር። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ! አዴ ጫልቱ አፏን በከፈተች ቁጥር ዮናስ «እህታችን ለማለት የፈለገችው» ይልና ያላለችውን ይልላታል። በመጨረሻ «የቦኖው ሰዓት…» ስትል «ሰዓታችን አለቀ» አላት። እኔም ብድግ ብዬ «ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ምክንያቱን በሦስት ነጥብ ላስረዳ!» ብዬ ጮኽኩ። ማይክ አልነበረኝም። የሰማኝ የእንቁላል ካርቶኑ ብቻ ነው።

በባጃጅ ተመለስን። አዴ ጫልቱ ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው። ሠፈር ስንደርስ እማማ አስካለ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እማማ አስካለ የሠፈራችን አንጋፋ ናቸው፤ ትንሿ ሬዲዮናቸው ከአንገታቸው አትወርድም።

«ሰማሁሽ ልጄ» አሉ አዴ ጫልቱን። «‹ጤና ይስጥልኝ› ስትይ ሰማሁሽ። ከዚያ ወዲያ ወዴት ሄድሽ?»

«ቆረጡኝ፣ እማማ።»

«ሰላምታሽን ግን አልቆረጡም።»

«ሰላምታማ ማን ይቆርጣል? ነውር ነው።»

እማማ አስካለ ሬዲዮናቸውን ዘጉ። ሲያስቡ ብቻ ነው የሚዘጉት። «እንግዲያው ሰላም እንበላ» አሉ።

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። ጣቢያችን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ «ሰላም በሉልኝ» የሚባል ዝግጅት አለው፤ አዘጋጁ ያው ዮናስ ነው። ሰው ይደውላል፤ ለጫንጮ አክስቱ፣ ለሰበታ አማቹ፣ ለቡራዩ ጓደኛው ሰላምታ ያስተላልፋል፤ ዘፈን ይመርጣል፤ ይዘጋል። እኔ ስልኩን አንስቼ ወደ ስቱዲዮ የማስተላልፈው ሰው ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ዝግጅቱን እንደ ተራ ነገር ነበር የማየው። ስለዚህ ለእማማ አስካለ የሦስት ገጽ መመሪያ አዘጋጀሁላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ገልብጠው አዩትና «ሰላምታ በወረቀት ነው እንዴ ልጄ?» ብለው የሬዲዮናቸውን የባትሪ ድንጋይ ጠቀለሉበት።

ቅዳሜ ሆነ። ቅዳሜ የውኃ ቀን ነው፤ በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ሰልፍ ላይ፣ አቶ ታፈሰም የቦኖው በር ላይ በርጩማቸው ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ስልክ ጮኸ። ወደ ዮናስ አስተላለፍኩት።

«ሃሎ፣ ሰላም በሉልኝ! ማን ልበል?»

«አስካለ ነኝ። እንደምን አደርክ ልጄ? እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳላያቸው ቀረሁ እኮ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው እማማ። ሰላምታው ለማን ይሁን?»

«ለአቶ ታፈሰ፣ ለቦኖው ቁልፍ ያዥ። እንደምን አደሩ? እንቅልፍ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምረን በሩ ላይ ቆመን እንቅልፍዎን ስንጠብቅልዎ አደርን። ብርዱ ደህና ነው። ጉንፋኑም ደህና ነው።»

ዮናስ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «እማማ፣ መልእክትዎ…»

«ሰላምታ ላይ ነኝ፣ ልጄ።»

ምን ያድርግ? የእናቱን ጉልበት የጠየቁ ሴት ናቸው። ሳህን ላይ ያለ ቅቤ እንደሚቀልጥ ፊቱ ቀስ እያለ ሲቀልጥ በመስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ። እማማ አስካለም ስልኩን ከኋላቸው ላለችው ሰጧት። እሷም ለአቶ ታፈሰ ሰላምታ አቀረበች፤ የልጆቿን ያልታጠበ ልብስ ሰላምታም ጨመረች። ቀጥሎ ሌላዋ፤ «በቀጠሮዋ ቀን ሐኪም ቤት ያልደረሰችው ሰላም ትላቸዋለች በሉልኝ» አለች። ሰልፉ ሁሉ በአንድ ስልክ ላይ ተሰለፈ። ዮናስ በእጁ «ቁረጪ!» ይለኛል። እኔም በእጄ «ሰላምታ ነው» እለዋለሁ። በሕይወቴ ያን ያህል አጭር ማብራሪያ ሰጥቼ አላውቅም።

ሁለተኛው መስመር ጮኸ። ከፋብሪካው፣ በሻይ ሰዓት፤ አዴ ጫልቱ ያን ቀን ውኃውን ትታ በሰዓቷ ሥራ ገብታለች።

«አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ጫልቱ ነኝ። ለልጄ ሰላም በሉልኝ። ለጋሽ ታፈሰ ሰላም በሉልኝ። ለሥራ አለቃዬም ሰላም በሉልኝ። ጋሼ፣ የማረፍደው ተኝቼ አይደለም። ቦኖው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ነው፣ ሰርቪሱ አሥራ ሁለት ተኩል። ማክሰኞ ካረፈድኩ ሦስተኛዬ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘፈን አልመርጥም፣ ሻዩ አልቋል።»

ድምፅዋ ሻካራ ነበር። ሁለቱን ቋንቋ ቀላቅላለች። ዮናስ አፉን ከፈተ፤ «እህታችን ለማለት የፈለገችው» ሊል ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ግን መልሶ ዘጋው። ለማለት የፈለገችውን ብላዋለችና።

ሰላምታ የእግዜር ነው፤ የቀረበለት ሰው መመለስ አለበት። ከሰልፉ ወገን ስልኩ ለአቶ ታፈሰ ሲሰጥ ሰማሁ። «ውሰዱ እንጂ፣ ይመልሱ እንጂ፣ አገር እየሰማ ነው!» ይላሉ ሴቶቹ። አቶ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እ… እግዚአብሔር ይመስገን። ሁላችሁንም… እንደምን አደራችሁ።»

«ማክሰኞ በአሥራ አንድ ተኩል ይከፍቱልናል?» የእማማ አስካለ ድምፅ ነው።

«አሮጊቷ! እኔ በአሥራ አንድ ተኩል የምነሳ ዶሮ ነኝ? ካስቸኮለሽ ቁልፉን ራስሽ ያዢው!»

ይህን ያሉት ለማሳፈር ነው። ሰው ሁሉ የሚስቅ መስሏቸው ነበር። ማንም አልሳቀም።

«እሺ» አሉ እማማ አስካለ። «ያምጡት።»

ከዚያ ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ የቁልፍ ሽክሽክታ ሰማ። እልልታ ተከተለ። ዮናስም ግራ ሲገባው የሠርግ ዘፈን ለቀቀ።

ማክሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቦኖው ተከፈተ። አዴ ጫልቱ ሁለት ጀሪካን ቀድታ፣ ቤት አድርሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሰርቪሱ ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ሦስተኛው ደብዳቤ አልተጻፈም።

ታዲያ አሁንም ለምን ትናደጃለሽ ትሉኝ ይሆናል። ስለዚህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እማማ አስካለ በር ላይ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ፤ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ስልካቸው ጮኸ። ዮናስ ነው። «የሴቶች አንደበት» በዚህ ሳምንት ሴቶች የቦኖ ቁልፍ ስለመያዛቸው ልዩ ዝግጅት አለው። ጉድጓድ የመሰለው ድምፁ ለእኔም ተሰማኝ። «እማማ፣ ነገ አሥር ሰዓት ላይ ጉዳዩን ሰፋ አድርገው እንዲያብራሩልን፣ ባለቤትዎን ወደ ስቱዲዮ ቢልኩልን?»

እማማ አስካለ ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው አዩት፤ መልሰው ለጠፉት።

«ልጄ፣ ባለቤቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እሺ ካሉህ ውሰዳቸው። እግረ መንገድህን ግን የቤቱን ካርታ የት እንዳስቀመጡት ጠይቅልኝ።»